ከቆላ የተመለሰ ልጅ ሲያተኩሰው፦ የወባ ምርመራ እንዳይዘገይ ለወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩና በሰበታ የምንኖር ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻችንን ወደ አያቶቻቸውና ወደ አክስቶቻቸው አገር እንልካለን። ልጆቹ ክረምቱን እዚያ ከርመው ለዘመን መለወጫ ወይም ትምህርት ሊጀመር ሲቃረብ ይመለሳሉ። ዋናው የወባ ወቅት የሚገባውም በዚሁ ጊዜ ነው። የክረምቱ ዝናብ ጋብ ብሎ ውሃው በየጉድጓዱና በየረግረጉ ሲያቁር የወባ ትንኝ ትራባለች፤ በሽታውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይበረታል። ከበልጉ ዝናብ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት ስላለ፣ ለፋሲካ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ልጅም በዚህ መመሪያ ውስጥ ይካተታል።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላቸው፣ ብርዱ የወባ ተሐዋሲ (በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ፍጡር) በትንኟ አካል ውስጥ ለመብሰል የሚያስፈልገውን ሙቀት አይሰጠውም። በዚህም ምክንያት በሰፈራችን ልጅ ሲያተኩሰው ወላጅም ባለሙያም አስቀድሞ የሚያስበው ጉንፋንን፣ ቶንሲልን፣ ታይፎይድን ወይም ታይፈስን ነው። «ደጋ ላይ ወባ የለም» የሚለው አባባል ትንኟን በተመለከተ በአመዛኙ ልክ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመተሐራ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከጋምቤላ ወይም ከመተማ በአውቶቡስ ስለመጣ ልጅ ግን የሚለው ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ይህን ያህል ሰው ከታመመባቸው አካባቢዎች ወደ እኛ ሰፈር በየቀኑ መኪና ይገባል።

በደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ወባን የሚቋቋምበት የዳበረ መከላከያ የለውም። እናቱ ወይም አባቱ በቆላ አድገው በልጅነታቸው ደጋግመው ታመው የዳኑ ቢሆኑም፣ ያ ለልጁ አይተርፈውም። «እኛም በልጅነታችን ወባ ይዞን በእግራችን እየሄድን ነው የዳንነው» የሚል ወላጅ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል፤ የራሱን ሰውነት ታሪክ በልጁ ላይ እየለካ መሆኑን አያስተውልም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ከባድ ሕመም ሊለወጥ ይችላል።

1. ልጁ በተመለሰ ዕለት ሦስት ነገሮችን ይጻፉ

ልጁ ጤነኛ ሆኖ ቤት በገባበት ዕለት በክትባት ካርዱ ጀርባ ወይም ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ የሄደበትን ቦታ፣ ከቆላ የወጣበትን ቀንና እዚያ ያደረባቸውን ሌሊቶች ብዛት ይጻፉ። ቦታው ሲጻፍ የክልሉ ወይም የዞኑ ስም አይበቃም፤ ጎንደር ሲባል ደባርቅም መተማም ይሆናል፤ የመጀመሪያው ብርድ፣ ሁለተኛው የወባ አገር ነው። በመንገድ ላይ ያደሩበት ከተማ ካለ እሱም ይጨመር፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ አንዲት ሌሊት ትበቃለች።

አያት ቤት ደውሎ «በመንደሩ ወባ ገብቷል ወይ? ልጆቹ አጎበር ውስጥ ነበር የሚተኙት?» ብሎ መጠየቅም ጠቃሚ ነው። መልሱ «ኧረ ሰላም ነው፣ አንድም የታመመ የለም» ቢሆን ግን እንደ ዋስትና መያዝ አይገባም፤ በቆላ ያደጉ ትልልቅ ሰዎች ተሐዋሲው በደማቸው እያለ ላይታመሙ ይችላሉ።

የቀኑ ጉዳይ ይህን ያህል የሚጠቅመው ተሐዋሲው ስለሚደበቅ ነው። ትንኟ ስትነክስ ወደ ደም የገባው ተሐዋሲ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ገብቶ ለቀናት ይራባል፤ በዚያን ጊዜ ልጁ አያተኩሰውም፣ የደም ምርመራ ቢደረግለትም አይገኝበትም። ከጉበት ወጥቶ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲወር ነው ሕመሙ የሚጀምረው። ፋልሲፓረም ብዙውን ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከ7 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ልጁ ከተመለሰ ሁለት ሳምንት አልፎት፣ መንገዱም ተረስቶ፣ ትምህርትም ተጀምሮ ሳለ ሊታመም ይችላል። አብዛኛው በአንድ ወር ውስጥ ሲታይ፣ ጥቂቱ እስከ ሦስት ወር ድረስ ይዘገያል። ሌላው ዓይነት ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። በተመለሰበት ሳምንት «ለማንኛውም» ተብሎ ተመርምሮ ነጻ የተባለ ጤነኛ ልጅ ከአሥር ቀን በኋላ ቢያተኩሰው ያ ውጤት አያገለግልም፤ እንደገና መመርመር አለበት።

2. ትኩሳቱን በሌላ ስም አይጥሩት

ትልቅ ሰው ወባ ሲይዘው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ያልበዋል፤ በየሁለት ቀኑም ይመላለስበታል ብለን ነው የምናውቀው። ልጅ ላይ ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ አይታይም። ሕፃን ትኩሳትና ማስመለስ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ሌላው ተቅማጥ፣ ሌላው ሳል፣ ሌላው የሆድ ቁርጠት ይዞት ይመጣል፤ አንዳንዱ ምግብ እምቢ ብሎ እናቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ከመዋል በቀር ምንም አያሳይም። ቤት ውስጥ ያሉ ስሞች የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው፤ ምች መታው ይባልና ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ ጥርስ ሊያበቅል ነው ይባላል፣ እንጥሉ ወርዷል ይባላል፣ የመንገድ ብርድ ነው ይባላል። ዳማከሴው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ ከስሙ ጋር አብሮ በሚመጣው «እስኪ ሁለት ቀን እንየው» ላይ ነው።

የምመክረው ደንብ አንድ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ቆላ ያደረ ልጅ በብብቱ የተለካ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ቴርሞሜትር ከሌለ ሰውነቱ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት ቢታይም ባይታይም በዚያው ዕለት ለወባ ይመርመር። ጉሮሮው ቢቀላም፣ አፍንጫው ቢፈስም፣ ጥርሱ ቢገለጥም ደንቡ አይለወጥም። ማታ ያተኮሰው ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ቢጫወትም አይለወጥም፤ በወባ ትኩሳት መካከል የሚገኘው እፎይታ ወላጅን የሚያዘናጋ ነው።

3. መድኃኒት ቤት መጀመሪያ አይሂዱ

በከተማዋ ዳር ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች መድኃኒት ቤት በየብሎኩ ሥር ይገኛል፣ ጤና ጣቢያው ግን በባጃጅ ወይም በታክሲ የሚደረስበት ነው፤ ወላጅ ቅርቡን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ሆኖም ከዚያ የሚገዛው ሽሮፕ በሁለት መንገድ ምርመራውን ያዘገያል። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ተሐዋሲውን አይነካም፤ ልጁ የቀለለው ሲመስል መንገዱ ይቀራል። አንቲባዮቲኩ የባሰ ነው፤ እንደ ኮትራይሞክሳዞልና ዶክሲሳይክሊን ያሉት ተሐዋሲውን በከፊል የሚያዳክም ባሕርይ ስላላቸው፣ ሕመሙን ሳያድኑ ምልክቱን ሊያደበዝዙትና በደም ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ ቁጥር ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ፓራሲታሞል ለልጁ ክብደት በሚመጥን መጠን ሰጥቶ ወደ ምርመራ መሄድ ጉዳት የለውም። ትኩሳቱ ቢበርድም ደሙ ይመረመራል፤ ምርመራ ለማድረግ ልጁ ሲያቃጥለው መጠበቅ አያስፈልግም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥ። ከቆላ ዘመድ በሻንጣ የተላከ የተረፈ የወባ ክኒን ካለም አይሰጥ፤ ጎዶሎ መጠን ተሐዋሲውን ደብቆ ያቆየዋል።

4. ከትኩሳቱ በፊት መንገዱን ይናገሩ

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ወላጅ ካለ ይህን ያስታውስልኝ። በከተማችን ዳር ባለ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ በጥቅምት ወር ያየሁትን አንድ የአራት ዓመት ልጅ አልረሳውም። እናቱ ትኩሳት፣ ማስመለስና ተቅማጥ እንዳለው ነገረችኝ፤ ሆዱን ዳስሼ፣ የውሃ እጥረት መኖሩን አይቼ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሰጥቼ ወደ ቤት ላክሁት። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም፤ እሷም ከአያቱ ዘንድ ከቆላ ከተመለሰ 17ኛ ቀኑ መሆኑ ከተቅማጥ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አልመሰላትም። በሦስተኛው ቀን ታቅፋ ስታመጣው መቀመጥ አቅቶት፣ የዓይኑ ሥር ነጥቶ ነበር። ደሙ ሲመረመር ፋልሲፓረም ነበር። ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ገብቶ፣ ደም ተሰጥቶት ዳነ። እኔ ግን ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ያተኮሰውን ሁሉ እጠይቃለሁ።

ሁሉም ባለሙያ ይጠይቃል ብለው ግን አይተማመኑ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ጥያቄውም ይዘነጋል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ሲደርሱ፣ ሙቀትና ክብደት ሲለካ፣ ከመርማሪው ፊት ሲቀመጡም ደጋግመው ይናገሩ። አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሲስተር፣ ልጄ ከሸዋ ሮቢት ከተመለሰ 16 ቀኑ ነው፤ እዚያ አንድ ወር ቆይቷል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያተኩሰዋል፣ ሁለት ጊዜም አስመልሶታል። የወባ ምርመራ እንዲታዘዝለት እፈልጋለሁ።» ይህ ባለሙያን መድፈር አይደለም፤ ባለሙያው ያላየውን መንገድ ማሳየት ነው። ልጁን ሐኪም ቤት የሚወስደው ሞግዚት፣ ታላቅ እኅት ወይም ጎረቤት ከሆነ በመጀመሪያው ዕለት የተጻፈው ወረቀት አብሮ ይላክ።

5. የምርመራውን ዓይነትና ውጤቱን በትክክል ይረዱ

ወባ የሚረጋገጠው በደም ነው። አንደኛው መንገድ ከጣት፣ ከሕፃናት ደግሞ ከተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ የሚሠራው የደም ፊልም ነው፤ ጠብታው በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ጊምሳ በተባለ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ወፍራሙ ቅብ ተሐዋሲ መኖሩን ለማግኘት፣ ስስ የሆነው ደግሞ ዓይነቱን ለመለየት ይረዳል። ሁለተኛው ፈጣን መመርመሪያ ወይም አር ዲ ቲ የሚባለው ነው፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በመስመር ያሳያል። ማይክሮስኮፕ ባለሙያውን ይፈልጋል፤ ወባ ብዙ በማይታይበት አካባቢ የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ደግሞ ጥቂት ተሐዋሲ ያለበትን ፊልም ሊያልፈው ይችላል። ፈጣኑ መመርመሪያ በበኩሉ ፋልሲፓረምን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ተሐዋሲው በሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ የፋልሲፓረም ዝርያዎች ተገኝተዋል። የሚቻል ከሆነ ሁለቱም ቢሠሩ እመርጣለሁ።

ከዚህ የሚከተለው ትልቁ ነጥብ፣ አንድ «ነጌቲቭ» ውጤት ጉዳዩን አይዘጋም የሚለው ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ነጻ ቢልና ትኩሳቱ ቢቀጥል፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት ተደጋግሞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መመርመር አለበት። ወደ ቤት ከመመለስዎ በፊት «ነገ በስንት ሰዓት ላምጣው? ላብራቶሪው ክፍት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ በተለይ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ቅዳሜና እሑድ የት እንደሚመረመር አስቀድመው ይወቁ።

ብዙ ቀን የሚባክነው ግን ታይፎይድና ታይፈስ ላይ ነው። በብዙ ክሊኒኮች ላተኮሰው ሁሉ ለታይፎይድ ቪዳል፣ ለታይፈስ ዌል ፊሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች ይታዘዛሉ። እነዚህ የሚለኩት ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያት ጭምር ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። ወባ ያለበት ልጅ «ታይፎይድ ተገኝቶበታል» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይዞ ወደ ቤት የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ታይፎይድም ታይፈስም በአገራችን ያሉ እውነተኛ በሽታዎች ናቸው፤ መታከማቸውን አልቃወምም። ከቆላ የተመለሰ ልጅ ግን በቪዳል ውጤት ብቻ የወባ ምርመራው ሊቀርበት አይገባም። አንቲባዮቲክ ከጀመረ በኋላ ትኩሳቱ ካልለቀቀውም «መድኃኒቱ ገና አልሠራም» ከማለት በፊት የደም ፊልሙ ይደገም።

አጠቃላይ የደም ቆጠራ ወይም ሲ ቢ ሲ ከተሠራ ፍንጭ ይሰጣል። የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ሕዋሳት) ቁጥር ዝቅ ማለትና የሄሞግሎቢን መውረድ፣ ማለትም የደም ማነስ፣ ወባን ያስጠረጥራሉ፤ የወባ ፊልም ሳይታዘዝ እንዲህ ያለ ውጤት ከመጣ መርማሪውን ይጠይቁ። በሌላ በኩል ወባ መገኘቱ ብቻ ሌላውን ሕመም አይሽርም፤ በፍጥነት የሚተነፍስ ልጅ የሳንባ ምች፣ አንገቱ የደረቀ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ማጅራት ገትር ሊኖርበት ስለሚችል ያም አብሮ ይታያል።

6. ሌሊት ቢሆንም የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ቢታይ ቅርብ ያለውን ክሊኒክ አልፈው የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ልጁ መቀመጥ ወይም መጥባት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠና ዓይኑን ከሰቀለ፣ ሲጠሩት በደንብ ካልነቃ ወይም ከቀባጠረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነና ከከበደ፣ መዳፉና የከንፈሩ ውስጥ ከነጣ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ወይም ከጠፋ፣ ጠዋት እንይ አይባልም።

በመንገድ ላይ እያንቀጠቀጠው ከሆነ በጎኑ ያስተኙት፤ ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አይክተቱ፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅምም። ወባ የልጁን የደም ስኳር አደገኛ በሆነ ሁኔታ ስለሚያወርድ፣ ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ልጅ ጡት ወይም ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ እየሰጡ ይሂዱ፤ ላልነቃ ልጅ ግን ምንም በአፉ አይሰጥ። ጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጽፍልዎት ለከባድ ወባ የሚሰጠውን መርፌ በስሙ ጠርተው «የመጀመሪያው የአርቴሱኔት መርፌ እዚህ ሊሰጠው ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ መሐል ከተማ እስኪደረስ የሚያልፈው ሰዓት ቀላል አይደለም።

7. ወባ ከተገኘ በኋላ

«የትኛው ዓይነት ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሕክምናው በዓይነቱ ይለያያልና። ፋልሲፓረም ከባድ ካልሆነ በተለምዶ ኮአርተም በሚባለው መድኃኒት ለሦስት ቀናት፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ በሚወሰድ መጠን ይታከማል። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ የቀሩት ጠዋትና ማታ ይወሰዳሉ። መጠኑ በዕድሜ ግምት ሳይሆን በተመዘነ ክብደት ይወሰን። መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ስለሚሠራ ወተት ወይም ቅቤ የነካው ገንፎ ይጠቅማል፤ በጾም ምክንያት ቤት ውስጥ ወተት ከሌለ ዘይት ያለው ምግብ ወይም ኦቾሎኒ ይሆናል። ወዲያው ካስመለሰው መጠኑ መደገም ስለሚኖርበት ወደ ሰጠዎት ባለሙያ ይመለሱ። ሁለተኛው ቀን ላይ ልጁ መጫወት ሲጀምር የቀረውን ለወንድሙ ማስቀመጥ ፈተና ነው፤ አያድርጉት።

ቫይቫክስ ከሆነ ክሎሮኪን ይሰጣል፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን ለማጥፋት ደግሞ ፕሪማኪን ለ14 ቀናት ይታዘዛል። ፕሪማኪን ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም፤ ጂ ስድስት ፒ ዲ የተባለው ኢንዛይም ባነሰባቸው ልጆች ደግሞ ደም ሊያፈርስ ስለሚችል፣ ስለዚህ ምርመራ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱን ጀምሮ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ልጁ ከገረጣ ወዲያው ወደ ሐኪሙ ይመልሱት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልጠፋ፣ ወይም ከጠፋ በኋላ ከተመለሰ፣ የደም ፊልም ይደገምለት። ለዚህ ፈጣኑ መመርመሪያ አይመችም፤ ተሐዋሲው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት መስመር ሊያሳይ ይችላል።

አብረው የተጓዙትን እኅትና ወንድሞች አይርሱ፤ በአንድ መደብ ላይ የተኙ ልጆች አንዲት ትንኝ ሁሉንም ነክሳቸው ይሆናል፤ አንዳቸው ዛሬ ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት ሊያተኩሰው ይችላል።

8. ወረቀቱን አይጣሉት

የውጤቱ ወረቀት፣ የተሰጠው መድኃኒት ስምና ቀኑ በክትባት ካርዱ ውስጥ ይቀመጥ። በመስከረም ቫይቫክስ የታከመ ልጅ በጥር ወይም በየካቲት ከከተማ ሳይወጣ ሊያተኩሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያየው ሐኪም ሌላ ሰው ነው፣ መንገዱንም ማንም አያነሳውም። ወረቀቱ ካለ በአንድ እይታ ይገባዋል። ለሚቀጥለው ክረምት ልጁ ሲላክ ደግሞ ከልብሱ ጋር አጎበር ይታጠፍለት፤ አያት ቤት ያለው አጎበር ከተቀደደ ወይም ለሰው ከጠበበ የራሱን ይዞ ይውረድ፤ የሄደበት ቀንም በዚያው ካርድ ጀርባ፣ ካለፈው ዓመት ጽሑፍ ሥር ይጻፍ።